ግራ እጅጌ

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መስመር ሰባት ላይ፣
ግራ እጅጌ ሰፋሁ፣ ቀኙን ሳላይ።
ኮሌታው ወዴት ነው? ቁልፉን ማን ይተክላል?
ሸሚዝ ሆኖ ሲያልቅስ ማን ገዝቶ ይለብሰዋል?
አላውቅም። የእኔ ድርሻ ከብብት እስከ አንጓ፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ አገር፣ ሌላ ዋጋ።

ኪሮሽ ያስጨበጡኝ አከራዬ ናቸው፣
እትዬ ቦጋለች፣ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ጣታቸው፤
ቆሞ ያዩት ዕቃ ዳንቴል ሳይለብስ አያድርም፣
ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ፍሪጁም፤ ጀሪካኑም።
«ሹራብ ነው ያማረኝ፣ በቁልፍ የሚዘጋ» አልኩ።
ሳቁብኝ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ እኔም ሳቅኩ።
«ክር ይዛ አታውቅ፣ እሷ ሹራብ ትላለች!
እንቁላል ሳትቀቅል ዶሮ ትሠራለች!»
ግን የሐምሌ ሌሊት፣ ከፈረቃ ስንወጣ፣
ከሐይቁ ወዲህ ብርዱ እንደ ዕዳ ሲመጣ፣
ምክር አያሞቅም።

ክር ገዛሁ፣ አረንጓዴ፣ የአቮካዶ ልጣጭ የመሰለ፤
ባለሱቁ ለካኝ በዓይኑ፣ «ይበቃሻል» አለ።
መጀመሪያ ሰንሰለት። አጥብቄ ስስበው ገመድ ሆነብኝ፤
«ፍየል እሰሪበት» አለች ፀሐይነሽ፣ ከአልጋዋ ሆና ሳቀችብኝ።
በሃያ ዓይን ጀመርኩ፤ ረድፉ ሲዞር ሃያ ሦስት፤
ሲመለስ አሥራ ዘጠኝ፤ ማን ሰረቀኝ በአንድ ሌሊት?
እዚያ ስድስት መቶ ቆጥሬ አንድ ሳይጎድልብኝ፣
እዚህ ሃያ ዓይን መቁጠር አቃተኝ።
ተረተርኩት። ሠራሁት። ተረተርኩት ደግሞ።
ክሩ ጠጉር አወጣ፣ እንደኔው ደክሞ።

በአራተኛው ማታ ልቃቂቱ ከአልጋ ሥር ገባ፣
ከአራታችን ጫማ፣ ከቻርጀሩ ገመድ ጋር ተጋባ፤
ውሉ ጠፋ።

ተንበርክኬ ስፈልገው ትዝ አለኝ ሌላው ውል፣
ያ የፈረምኩበት፣ ሦስት ገጽ፣ በማላውቀው ቃል፤
«ከታች ነው» አሉኝ እንጂ «አንብቢው» አላሉኝም፣
የእሱን ጫፍና መነሻ እስካሁን አላገኘሁም።
የክሩን ግን አገኘሁት፤
እኩለ ሌሊት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን፣
በጥርሴም ጭምር።

ጀርባው ሲያልቅ መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ አባራ፤
ሰው ጃኬቱን ሲያወልቅ እኔ ሹራብ ስሠራ።
ክሩ አለቀ። ባለሱቁ ሌላ ሰጠኝ፣ «ያው ነው» ብሎ ማለ፤
ያው አልነበረም፤ ሎሚ ነው፣ ያልበሰለ።
ግራ እጅጌ ላይ ስደርስ እጄ ራሱ ሄደ፣
ሳልለካው፣ ሳላየው፣ ከብብት እስከ አንጓ ወረደ።

ቀኙ ላይ ግን ግራ ገባኝ።

አንዴ ጠበበብኝ፣ አንዴ እንደ ጆንያ ሰፋ፣
የሚቀነሰው ዓይን ከጭንቅላቴ ጠፋ።
በምሳ እረፍት መስመር ስምንት ድረስ ሄድኩ፣
ቀኝ እጅጌ ሰፊዋን በስም አልባ ጠየቅኩ።
ኤርጎጌ ትባላለች፣ ከሆሳዕና።
ሁለት ዓመት ሙሉ አሥር እርምጃ ነበር መካከላችን።
ክንዴን በክንዷ ለካች፣ «ግራውን ገልብጪው» አለች፣
«እኔም ግራ ሰፍቼ አላውቅ» ብላ ሳቀች።

ቢሆንም ቀኙ በሁለት ጣት ረዘመ። እንዲያው ተውኩት፤
ከአሮጌ ቀሚሴ ነቅዬ አምስት ቁልፍ ተከልኩበት።
ፋብሪካ ቢሆን ቀይ ምልክት ለጥፈው ይጥሉት ነበር።
እትዬ ቦጋለች ከኋላ አዩኝ፣ ከፊት አዩኝ፣
«ከጀሪካኑ ልብስ ይሻላል» አሉ፤
ከዚህ በላይ ማንንም አያመሰግኑ።

የኅዳር ማለዳ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረብ ይፈታሉ፣
አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው ይጠብቃሉ።
ረዥሙን እጅጌ አጠፍኩት።
ከብብቴ ሥር አንድ ክር ተንጠልጥሏል፤
«ቁረጪው» ትላለች ፀሐይነሽ፣ ባየችው ቁጥር።
አልቆርጠውም።
ውሉ ነው፤ ብስበው ሁሉም ይፈታል፤
የዚህኛው ጫፍ ደግሞ እኔ ጋ ነው።