ክንዴን አልታጠብም

ከአየር ጤና ሰበታ፣ አምስት ሆነን በአንድ ወንበር፣
ናርዶስ ጉልበቴ ላይ፣ ዳቦው እግሬ ሥር ነበር።
ኢዮስያስ ይቆጥራል የቀረውን ኪሎ ሜትር፣
ትርሲት ትቆጥራለች የቀረውን ብር።
አባቴ መስኮቱን ይዞ፣ ዝም፤
ጫማው አፉን ከፍቷል፣ እሱ ግን አይከፍትም።
«አዲስ ይገዛልህ» ብንለው፣ ስንት ጊዜ ብንለምን፣
በሲባጎ ጠፍሮት «ምን ጎደለው?» አለን።

ከሰበታ ወዲያ ባጃጅ፤ ከባጃጅ ወዲያ በእግር።
ለሊሳ ካርኒ ቆረጠልን ከሱባ ጫካ በር።
«እሳት አትጫሩ፤ ድንጋይ አትወርውሩ፤
ኑ ተከተሉኝ፣ ፏፏቴው ቅርብ ነው፣ አትፍሩ።»
ቅርብ! የገጠር ቅርብ፣
ሦስት ዳገት አስወጥቶ አራተኛው ሲቀርብ።

ጽዶቹ ግን፣ ጽዶቹ፣ ዕድሜ የማይጠይቁ፣
ሽበታቸውን ከክንዳቸው ያንጠለጠሉ፣ ያረጁ፣ ያልወደቁ።
ኔትወርክ ከስልኬ ላይ ሹልክ ብሎ ወጣ፤
ትርሲት «ተመስገን» አለች፣ «አለቃህ ከእንግዲህ ከየት ይምጣ!»

ጉሬዛ ከኮሶ ወደ ዝግባ አልፎ፣
ነጭ ጭራው ዘግይቶ ደረሰ፣ አየር ላይ ተንሳፎ።
«ቀዘፈ» አለ አባቴ። ከጠዋት ጀምሮ
ያወጣት ቃል ይህች ነች፤
ደግሞ ዋጣት መልሶ፣ እንደ ምስጢር ቀብሮ።

ናርዶስ ግን ሰምታለች።
ዘንድሮ ትምህርት ቤት ውቅያኖስ ስላለች፣
ሰማያዊው አልቆባት ግማሹን በአረንጓዴ ቀብታለች።
«አባባ፣ አንተ እኮ አይተኸዋል፤ ባሕር እንዴት ይጮኻል?»
ይህን በር ቤታችን ውስጥ ሰው በእግሩ ጫፍ ያልፋል።

በሃያ ዓመቱ መርከብ ላይ ነበር፣ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል፤
ፎቶው ከካልሲ ጋር መሳቢያ ውስጥ፣ ጥቅል።
ከዚያ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደቀረ፣ ከማን፣
እሱ አልነገረን፤
እኛም አልጠየቅን።

ቆመ። ዘንጉን ተከለ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ።»
ጨፈንን። ለሊሳም ጨፈነ፣ ዱላው ከጎኑ።
ነፋስ መጣ ከወጨጫ፣ ከአናቱ እየወረደ፣
በጽዱ ጫፍ ተኝቶ፣ ተነሥቶ፣ ደግሞ ሄደ፣
ሄዶ ሄዶ ጸጥ... ከዚያ እንደገና መጣ፣
ቁልፍ ረስቶ እንደ ተመለሰ ሰው፣ ገብቶ እንደሚወጣ።

«እንዲህ ነው?» አለች ናርዶስ።
«አይደለም» አለ። «ይቀርበዋል።
ድምፁስ ይሁን፤ ጨው ይጎድለዋል።»

በላብ የራሰ ክንዷን ወደ አፏ አስጠግቶ
«ላሺው» አላት። ላሰችው፤ ፊቷ ተጨማዶ፣ ደግሞ ተፍታቶ።
«ያ ነው» አለ። «ያ ራሱ። ሳምንት ስትከርሚ በላዩ፣
ከንፈርሽ፣ ዳቦሽ፣ ሕልምሽ፣ ጣዕማቸው አይለያዩ።»

ከዚያ ሁላችንም፣ ሳቅ ይዞን፣ ኀፍረት ይዞን፣
የየራሳችንን ክንድ ላስን፣ ጫካ መሃል ቆመን።
ኢዮስያስ «የኔ ቺፕስ ይላል» አለ፤ ትርሲት «የኔ ቅባት»፤
ለሊሳ ቀምሶ አሰበ፤
«የኔስ ጭቃም አለበት።»

ፏፏቴው? አዎ፣ ደረስን። ቀጭን ነው፣ በጋ ነውና፤
እንቁላል ላጥን ከሥሩ፣ ቅርፊቱን በፌስታል ቋጠርንና
ወረድን። በመጨረሻው ቁልቁለት ሲባጎው ተበጠሰ፤
አባቴ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲው ባጃጁ ጋ ደረሰ።

ማታ ቤት፣ ናርዶስ ከመታጠቢያው በር ቆማ፣
እጇን ከኋላ ደብቃ፦ «ክንዴን አልታጠብም፣ እማ!»
ትርሲት ክርክር አልፈለገች፤ ቧንቧውን ከፈተችው፤
ውሃ የለም። ፈረቃው የኛ አልነበረም፣ ረስታው ነው።
ቱቦው ግን ተነፈሰ፤ ከሩቅ፣ ከመሬት ሥር፣
ሲስብ፣ ሲለቅ፣ ደግሞ ሲስብ፣ እንደ ሰው ሲያንጎራጉር።

አባቴ ከመኝታ ክፍሉ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
«አትዝጊው፤
ይሄኛው ይበልጥ ይቀርበዋል» አለ፣ ቆይቶ።