ማለፊያ

ዝናቡ አላባራም፣ ሦስት ሳምንት አለፈው፤
የጀልባው ጥሩምባ ጉሙን እየገፋው
ከወደቡ ይደርሳል፤ እኛ ግን አንወጣም፣
ፓምፑ ሲያጉረመርም ሌሊትም አይተኛም፤
ከዝግባዎቹ ሥር፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት፣
በር ስንሠራ ነው፣ ሰው የማይገባበት።

ወዲህ የኛ ሙቀት፣ ሹራብ የሚበቃው፤
ወዲያ ፈሳሽ አርጎን፣ «ብርድ» ማለት ያነሰው፣
ከበረዶ በታች መቶ ሰማንያ ስድስት
ደረጃ ቁልቁለት፤
መሐሉ ላይ ባዶ፣ አየር እንኳ የሌለበት።

አንድ ቀን፣ ሩቅ አገር፣ ከምድር በታች ዋሻ፣
ቅንጣት ተላትሞ፣ ፍንጣሪው መድረሻ
አጥቶ አርጎኑን ሲሰነጥቅ፣ ሲያልፍ፣
ቀጭን ወሬ ይተዋል፣ እንደ ትንኝ ክንፍ።
ያ ወሬ ይውጣ፣ ብርዱ ግን ይቅር፤
ሽቦው ይለፍ፣ ትንፋሽ እንዳይሻገር፤
ይኸው ነው እንግዲህ የኛ ሥራ ነገር።

ዱጋልድ በያጁ ጸጉሩን ያሸበተው
የዓሣ መርከብ ሆድ ሲደፍን ኖሮ ነው።
«ውኃ ሐቀኛ ነው፤ ያለ ይሉኝታ
ቀዳዳህን ያሳይሃል» ይላል በጨዋታ፤
«ሂሊየም ግን ሌባ፣
ጫማውን አውልቆ ሰተት ብሎ የሚገባ።»

ለዚህ ነው ፒኖቹ፣ አራት መቶ ስልሳ፣
በመስታወት ዶቃ አንገታቸው ታንቆ
የቆሙት በሳህን። ብረቱ ሲበርደው
ይኮማተራል በልኩ፣ መስታወቱም በልኩ፤
ርስት እንደሚካፈል ወንድምና ወንድም
አንዱ ስንዝር ካለፈ ሌላው አይታገሥም፤
ስንጥቅ ይወለዳል፣ ዓይን የማያየው፣
ሂሊየም የሚያውቀው።

ናይትሮጅን ውስጥ ነከርነው።
እንደ ተረገጠ ድመት ፊሽ አለ፣ ጮኸ፣
ዝም አለ።
አወጣን፣ አደረቅን፣ ከመሣሪያው አገናኘን።
መርፌው ብድግ አለ።
ገና ሳልረጭ።

«ፒን ነው» አለ ሬኒክ ወረቀቱን አጥፎ፤
«ብየዳዬ አይደለም» ዱጋልድ፣ አኩርፎ።
ሦስት ቀን ሙሉ ጎበጥኩ፣ ከጧት እስከ ጨለማ፣
ፒን በፒን፣ ረድፍ በረድፍ፣ እንደ ቅማል ለቀማ፤
ብረጭም፣ ባልረጭም፣ መርፌው እኔን አይሰማ።

ቬልማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤያችንን የጻፈች፣
በበሩ ብቅ አለች፤
«አይዞሽ፣ ያልፋል» አለች።
እሱ ነው ችግሩ፤ ማለፉ ነው እኮ!

በአራተኛው ቀን ፕላስተር ልበደር
ክፍሏ ገባሁ። ቀና ስል
ለጡረታዋ ድግስ ሠላሳ አንድ ፊኛ፣
ከኛው ሲሊንደር የተሞላ፣
ቀይ፣ ብጫ፣ ሰማያዊ፣ ጣሪያ ታኮ፣
ቆዳው እንደ ከረመ ድንች መጨማደድ የጀመረ፤
የመብራት ገመድ በሚያልፍበት የግድግዳ ሽንቁር
ወደኛ ይተነፍሳል።
ለካ ሦስት ቀን ሙሉ መሣሪያዬ ሲያሸት የነበረው
የሰው ድግስ ነው!

እኔ ሳቅኩ። ዱጋልድ አልሳቀም።
አሥራ አምስቱን በአንድ እጁ፣ አሥራ ስድስቱን በሌላው
ጨብጦ ዝናቡ ውስጥ ወጣ፣
የጭነት መኪናው ኋላ አሰራቸው።
መስኮት ከፈትን። ሰዓት ሳይሞላ
መርፌው ወረደ፣
እግሩን አጥፎ እንደሚተኛ ውሻ።
ዱጋልድ ቀስ ብሎ ጓንቱን አወለቀ፤
ሳህኑን በጥፍሩ አንዴ መታ አደረገና
«ማለፊያ ነው» አለ።
ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሳጥኑ በጥር ወር ባሕር ተሻገረ፤
አሁን ጋኑ ላይ ነው፣ ዙሪያው ተበይዶ፤
ማንም አይከፍተውም፣ እኔም አላየውም።

ከፊኛዎቹ አንዱን፣ ሰማያዊውን፣
ቤቴ ወስጄ ወንበር ላይ አስሬው ነበር።
በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ
ወለል ላይ ተኝቷል።
ማንም አልቀደደውም።
ቋጠሮው እንደ ተቋጠረ ነው።