የገብስ ጭድ

ዳንግላ፣ ጓሮዬ፣ ካፋፍ እስከ አፋፍ፣
ዋቅላሚ ዘረጋ ከኩሬው ላይ ምንጣፍ።
ዓሦቼ ጠፉብኝ፣ አራቱም ቆሮሶ፤
ሰማይ እንኳ አደረ አረንጓዴ ለብሶ።

አንማው፦ «በረኪና ጨምር፣ ባንዴ ይነጣል።»
መንጣቱስ ይነጣል፤ ዓሣው ይገለበጣል።

ጥሩአየሁ መጣች፣ የገብስ ጭድ ጠቅጥቃ
በሽንኩርት ከረጢት፣ ድንጋይ አስታጥቃ፤
ጣለችው መሃል ላይ።
«ሲበሰብስ ነው ሥራው፤ ታገሥ አንድ ወር።
ደግሞስ ቀን ስንቴ ነው ፍርፋሪ የምትወረውር?»

ልጄ ማርቆስ ሄዳ ትምህርት ከጀመረች፣
የእሷ ድርሻ ዳቦ ውሃ ውስጥ ነበረች።

ጭዱ ከሰል መሰለ፤ እጄንም ሰበሰብሁ፤
ትናንት ከወለሉ የጠፋች ብይዋን አየሁ።

«አባ፣ ዓሦቹስ?» አለች፣ በስልክ፣ ማታ።
«መራብ ለመድን» አልኋት፣ ከትንሽ ዝምታ።