የአዴሪቶ ገንዳ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውኃ ነው ጠባቸው፤
ከላይ የሱ ገንዳ፣ ከታች የሷ ወይራ፣ አጥር መሃላቸው።
አዴሪቶ ቁልፉን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣
«ምንጩ የአባቴ ነው፣ ጠብታም አልሰጥሽ» ብሎ፤
ዙልሚራም ዝም ብላ ቁልቁለት ወረደች፣
አርባ የወይራ ዛፍ ከወንዝ በጀርባዋ ማጠጣት ለመደች።

ከሊዝበን ሦስት ሰዓት በመኪና ርቃ፣
ቫሌ ደ ሙሮ ናት መንደራችን፤ ካርታ ላይ የዝንብ ነጥብ፣ ደቃቃ።
ዳቦ ጋጋሪ ነኝ እኔ በመንደሩ፤
ያደረ ዳቦዬን የሚበሉት እንኳ የሱ ዘጠኝ ቀይ ዓሦች ነበሩ።
በበጋ ግን የእሳት ጡሩምባ ሲነፋ
ሽርጤን አውልቄ እይዛለሁ አካፋ።

በሦስተኛው ቀን እሳቱ ተራራውን ዞረ፤
ባሕር ዛፉ የነደደ ቅርፊቱን ከሸንተረር ሸንተረር ወረወረ፤
ፀሐይ በጢሱ ውስጥ፣ ዱቄት የነካት አስኳል፤
«ውጡ» አሉ በሬዲዮ፣ «ሸለቆው ይነዳል»።

ድምፁ ነው የመጣው፣ ከዓይን በፊት ለደረት፣
የጎን አጥንት ሲቆጥር፣ ዱብ ዱብ ሲል እንደ ልብ ምት፤
ከጢሱ ጫፍ ወጣ ቢጫ ሄሊኮፕተር፣
ባልዲው ሲወዛወዝ በሽቦ ገመድ፣ ባለ ሠላሳ ሜትር።

አብራሪዋ ኪቴሪያ (ድምፅዋን እንጂ ፊቷን አላየሁም)
«ወንዙ ደርቋል» አለች፤ «ግድቡ ሩቅ ነው፣ ደርሼ አልመለስም።
ከኮረብታው ሥር የሚያብረቀርቀው ምንድነው?»
ትንሽ ዝም አልኩ። የሰው ገንዳ ነው።

አዴሪቶ ከጎኔ ቆሟል፣ ቤቱን ለቆ አልሄደም፤
ቁልፉን ጨብጧል፤ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለም።
ለካ ሰማይ ቁልፍ የለውም።

ዝቅ አለች። ዝቅ አለች። ነፋሷ ቆርቆሮ ገነጠለ፤
የተሰጣ አንሶላ ከገመድ ተነጥቆ ካጥሩ ላይ ተንጠለጠለ፤
የሽማግሌው ባርኔጣ በራሱ ጊዜ ተሰደደ፤
ባልዲው አፉን ከፍቶ፣ እንደ ከብት ጎንበስ ብሎ፣ ከገንዳው ወረደ።
ጠጣ።
ሽቦው ተወጠረ።
ሺህ ሊትር ውኃ ከነአልጌው መሬቱን ለቆ በረረ።
«አንድ» አለ አዴሪቶ። በጣቱ ቆጠረ።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው፣ ውኃው እሳቱን የገደለ ይመስላል።
አይገድልም።
እሳት ክፉ ውሻ ነው፤ አፍንጫውን ሲሉት ለጊዜው ያፈገፍጋል።
ያችን ጊዜ ነው ከላይ የምትሰጠን፤
ከባልዲ እስከ ባልዲ አራት ደቂቃ፤ አካፋና መጥረቢያ ይዘን
በእንፋሎቱ መሃል እየተቀቀልን
ቀይ አፈር እስኪታይ መሬቱን ላጥን።
አራት ደቂቃ ለሊጥ ምንም ነው፣ ኩፍ አይልም፤
ለእሳት ግን ዕድሜ ነው። ለእኛም።

የመጀመሪያው ባልዲ የት ወደቀ? በዙልሚራ ወይራ።
ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። እሳቱ የገባው በሷ በኩል ነው፤ የሱ ቤት ገና ነበር ተራ።
እርጥብ ጆንያ ይዛ፣ ፊቷ አመድ ለብሶ፣
የተነፈገችው ውኃ ከሰማይ ሲመጣ፣ እንደ ጎርፍ ፈስሶ፣
ዞራ ሽቅብ አየችው፤
ምንም አላለችው።

እሱ ሃያ ሰባት ድረስ ቆጠረ። ከዚያ ተወው።
የገንዳው ግድግዳ አባቱ የለሰነው
ከሞቱ ወዲህ ሰው ያላየው፣ ያኔ ነው የታየው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሄደች፤ በጨለማ አይበሩም።
«ደህና እደሩ» አለች። የቀረው ሥራ በዜና አይነገርም፦
ፍም ፍለጋ አፈር በእጅ ጀርባ መዳበስ፣ ጉቶ ማገላበጥ፣
እስኪነጋ ጢስ ማሽተት፣ ማዳመጥ።

ጠዋት ዙልሚራ መጣች፣ ሽርጧን ቋጥራ፤
ቀይ ዓሣ ነው ውስጡ፣ አመድ የበላው፣ ያገኘችው ከወይራዋ ሥር፣ ስትዞር አድራ።
ካጥሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለት።
«ውኃህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለችው። በሠላሳ ዓመት
የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ናት።
አዴሪቶ አጎንብሶ ጭቃ የሆነውን ገንዳ እያየ
«ስድስት አሉ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ብቻ ብዙ ቆየ።

ቁልፉ ዛሬም ባንገቱ ነው።
በሩን ግን ያን ቀን ነፋሱ ገንጥሎ የት እንዳደረሰው
ማንም አላወቀ፤
እሱም ሌላ አላሠራ፣ እኔም አልጠየቅሁት፣ ክረምቱ አለቀ።