ኖራ

ነጭ ናት ብላ ልጄ፣ ከካርቶን አውጥታ፣
«ኖራ» ብላ ጠራቻት ጥቂት ሳታመነታ።
ስምን መልአክ ያወጣል ሲሉ አላመንኩም፤
መልአኩ ቀልደኛ መሆኑን አላወቅኩም።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ማለዳ፣
ቁጢጥ ብላ አየኋት ከሳጥኗ ጓዳ፤
ታምጣለች፣ ትተዋለች፣
ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች።
ጨርቁ ላይ የቀረው ውሃ አይሉት ነገር፤
ነጭ፣ ወፍራም፣ ሻካራ። በጣቴ ሳሸው
የምናውቀው ኖራ፣ የግድግዳው ነው።

እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ፒያሳ ሲታፈን «ሻረውን ጥሩ» ይላሉ።
ስንት የዛገ ቱቦ፣ ስንት ጎሚቶ ፈታሁ፤
ስንደዶ ከምታህል መስመር ፊት ተረታሁ።

በዘንቢል ይዣት ታክሲ ስገባ፣ ረዳቱ
«ፋዘር፣ ዶሮ ናት?» አለኝ።
«ልጅ ናት» ብዬ መለስኩ፤
ከአፌ በወጣው ራሴ ደነገጥኩ።

ዶክተር ሙሉሸዋ ሆዷን ዳሰሰችው፣
እንደበሰለ ፍሬ ቀስ ብላ ጫነችው።
«ምንድን ነው ቀለቧ?»
በኩራት ቆጠርኩላት፦ «ቆስጣ ነው፣ አልፋልፋ፣
በቀን ሁለቴ ሙሉ፤ ምን በወጣት ትከፋ?»
«የጎዳት መትረፉ ነው፣ መጉደሉ አይደለም።
ካልሲየም ባበላሃት ቁጥር ወደ ደሟ ይገባል፤
መውጫው በሽንቷ ነው፣ ውሃ ሲያንሳት ይረጋል።»
አልፋልፋውን ከለከለች፣ ቆስጣውን ሰረዘች፤
ድርቆሽ፣ ውሃ፣ ሩጫ፣ የሰባት ቀን መርፌ ጻፈች።
በሩ ላይ ስደርስ ጠርታ፣ «ጋሽ ሻረው» አለችኝ፣
«ይመለሳል። መልመድ ነው እንጂ መንቀል የለም።»

እትዬ አስካለ ሰምተው ከአጥር ወዲያ፦
«ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ፣ የማትበላ አውሬ!
ጉልበቴን ሲቆርጠኝ ማን አየኝ እስከዛሬ?»
እውነታቸውን ነው። መልስ አልነበረኝም።

ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሌሊቱ ስምንት።
ቧንቧው መጀመሪያ ይስላል፣ ያቃስታል፣
አየር ይተፋል፣ ዝገት ይተፋል፣
ከዚያ ይጠራል።
እኔም በዚያ ሰዓት ባትሪዬን ነክሼ፣
የሱሉልታ ድርቆሽ በእጄ አፍሼ፣
ውሃ ያንጠባጠበ ሰላጣ ይዤ
ጎኗ እቀመጣለሁ።
እንቢ ስትል በሲሪንጅ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በጉንጯ በኩል።
ቂጧን በለብታ አጥባለሁ፣ በፎጣ አደርቃለሁ።
ልጄን በጨቅላነቷ አንድ ቀን አላጠብኳት፤
ይህ ትዝ ሲለኝ ፎጣውን
ሞቅ አድርጌ ደገምኩላት።

የዕዳ ደብተሬ እንዲህ ይነበባል፦
«ቢሻው ሥጋ ቤት፣ የሲንክ፣ ሦስት መቶ ብር፤ አልከፈለም።
ኖራ፣ ሦስት ጊዜ፤ ደፍረስ ያለ፤ አላማጠችም።
ወይዘሮ ጥሩሰው፣ የቧንቧ ራስ፣ ግማሽ ከፍለዋል።
ኖራ፣ ምንም። ምንም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ትንሽ። ተመስገን።»

በሚያዝያ ተመለሰ። ልጄ በድብቅ ቆስጣ ሰጥታ ነበር፤
አለቀሰች፣ ማለች።
በነሐሴ ተመለሰ። ያኔ ቆስጣም የለ፣
መሐላም አልፈረሰ፣
ምክንያት የሚባል ነገር ቤታችን አልደረሰ።
ዘንቢሉን አነሳሁ። ረዳቱም ለመደን፤
«ልጅህ ደህና ናት?» ይለኛል፣ ሳይስቅ።

አንድ ዓርብ እንቅልፍ ጣለኝ። በሩ ተንኳኳ፣ ተደበደበ፦
«አንተ ሻረው! ውሃው መጥቶ ሊሄድ ነው!
ያቺ ርኩስ በጥም ትደር?»
እትዬ አስካለ ናቸው፤ በአንድ እጅ ጉልበታቸውን፣
በአንዱ ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ እስከ አፉ የሞላ።
የሳቸውን ቀድተው ሳይጨርሱ ይሆናል፤ አልጠየቅኩም።
በማግስቱ መታጠቢያቸውን በነፃ ጠገንኩ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ የዩኒፎርሟን ቁልፍ እያሳሳተች፣
ገና ዓይኗ ሳይገለጥ፦
«አባዬ፣ ኖራ አለች?»
«ኖራለች» አልኳት።
እሷም ይህን ስንል ወደ ደጅ ተንደርድራ
ጫማዬ ላይ ሸናች፦
ጠራ ያለ፣ ለብ ያለ፣ ብዙ።
ቶሎ አልጠረግኩትም።