ሁለት ክንፍ፣ አንድ ጅራት

አሞራ ገደል ጥግ፣ ከዓሣ ተራ ኋላ፣
ሐሜሶ ይልጋል የዋንዛ ጣውላ።
ወንበር አይደለም፣ ቁም ሳጥን አይደለም፤
ክንድ ከስንዝር የሆነ የጀርመን ተዋጊ፣
ክንፍ በክንፍ ላይ የተነባበረ፣
በሽቦ ተወጥሮ እንደ ክራር የከረረ።

«መጀመሪያ» አለኝ፣ እርሳሱን ከጆሮው እየመዘዘ፣
«ማንም አላመነውም።
ጅራቱ ቀጭን ነው፣ ነፋስ ይገነጥለዋል አሉ።
አንዱ ደፋር ይዞት ወጣ፤
ከደመና በላይ አፍንጫውን ቁልቁል ደፋው፤
ሽቦው አፏጨ፣ ሸራው ተርገበገበ፣
ክንፉ ግን አልረገፈ።
ከዚያ ወዲያ አብራሪ ሁሉ እሱን ስጡኝ አለ።»

መትረየሱ አንድ ብቻ ነው፤ ከምስማር ሠራነው።
ጥይቱ በሚሾረው ውልብልቢት መሀል
እንጨቱን ሳይነካ ያልፍ ነበር አሉ፤
እኔ እስካሁን አልገባኝም።

«ስንት ዘመን ተዋጋ?»
«ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው።
ሌላ መጣ፣ ፈጣን፣ ባለ ሁለት መትረየስ።
እሱን ትምህርት ቤት ሰደዱት፣
ጀማሪ ልጆች እንዲሰብሩት።»

ይህን ብሎ ሣቀ።
ከውጭ የመጣ ሶፋ ፒያሳን ከሞላው ወዲህ
እሱም ያስተምራል፣ ሦስት ልጆች፤
አንዷ እኔ ነኝ፤
ትናንት ምርጡን መላጊያ ሰበርኩበት።

ደጃፉ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣
ራሰ በራ፣ እንደ ጡረተኛ ሻለቃ፣
የዓሣ ጭንቅላት የሚጠብቅ።
ሮጥ፣ ሮጥ አለና ተነሣ፣ ከብዶት፣
ወደ ሐይቁ።
ሐሜሶ ሥራውን አቆመ።
«ክንፉን ተዪው» አለኝ፣
«ጅራቱን እዪ።»
ሙጫው ጣቴ ላይ ደረቀ።