ሁለት ክንድ

አባ፣ ይፍቱኝ፤ ወሰን ገፍቻለሁ፤
ሁለት ክንድ መሬት በሌሊት ሰርቄያለሁ።
ለጎጆ አይደለም፣ ለጫት መደብ አይደለም፣
ለልጄ ድርሻ ላወርስ ብዬም አይደለም፤
ላንዲት ጠጉራም፣ ስምንት እግር ላላት፣
ሰው ባየ ጊዜ ጫማ ለሚያነሣባት።

ሐምሌ መባቻ ነበር፤ ጣና ደፍርሶ፣
ዳር ዳሩን እምቦጭ እንደ ጋቢ ለብሶ፤
የሻረግ የምትባል ተማሪ መጣች ከባሕር ዳር፣
ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ የጎማ ጫማ፣ ደብተር።
«የደኑ ዘበኛ እርስዎ ነዎት? ባትሪ ይያዙልኝ ማታ፤
የምፈልገው ሸረሪት ነው» አለችኝ በዝግታ።
ሳቅሁ። ቀን አበሉን ስትነግረኝ ግን አቆምሁ፤
የልጄ ዩኒፎርም ነበረብኝና ባትሪውን ተቀበልሁ።

እኔ የማውቃት ሸረሪት የጣሪያዋን ናት፣
ለበዓል ዋዜማ በመጥረጊያ የምንጠርጋት።
ይቺኛዋ ግን ከዛፍ ዛፍ ድር አትወጥርም፤
ቤቷ ጉድጓድ ነው፤ ከደጇም ብዙ አትርቅም።
አፉን በሐር ትከፍፈዋለች፣ እንደ ነጠላ ጥለት፣
እዚያው ተቀምጣ የሚያልፈውን ትጠብቃለች ሌሊት።

መዳፌን ታክላለች።
ከልማድ እግሬን አነሣሁ።
«ይተዉ!» አለች የሻረግ፤ እግሬ ባየር ላይ ቀረ።
«ይቺ ምናልባት ከልጅዎ ትበልጣለች፤
ሴቷ ብዙ ዓመት ካንድ ጉድጓድ ትኖራለች።
ወንዱ ነው ሚስት ፍለጋ የሚንከራተት፣ ክረምት ሲገባ፤
ብዙውም መንገድ ይቀራል፣ መስከረም ሳይጠባ።»

ቆጠርን።
ከዋንዛው ሥር ሦስት፣ ከዶቅማው ሥር አራት፣
ከመቃብር ቤቱ ጀርባ፣ ሰው ከማይረግጣት፣
አንዲት፣ ጠቆር ያለች፤ የሻረግ «ሌላ ዘር ናት» ያለቻት።
ከባሕር ዛፉ ውስጥ ምንም። ከጫቱ ማሳ ምንም።
ደግሜ ተንበርክኬ አየሁ፤ ምንም።
መድኃኒት የጠጣ አፈር ጉንዳን እንኳ የለውም።
ለካ ጥላው ጣሪያ ኖሯል፣ እኛ ማገዶ ያልነው፤
ሲነሣ ቤቱ የሚያፈስ ከሥር ላለው ነው።

አሥራ ሰባተኛዋ ጠርዝ ላይ ነበረች፣ ከሰሳው ግርጌ፣
የከተማው መብራት ውኃው ላይ ከሚታይበት።
የሻረግ ቁጥሯን ቆርቆሮ ላይ ጽፋ ቸነከረች፤
እኔ «እሜቴ» አልኋት።
ሌሊት ሌሊት ስዞር በዚያ በኩል ማለፍ ለመድሁ።
ምን እንደምል ሳላውቅ፣ አመሸሽ ወይ? እላት ጀመር።

የሻረግ በጥቅምት ሄደች።
በኅዳር የካቡ ሥራ ተጀመረ፤
ደኑን ከከብት፣ ከምሳር እናድን ተባለ፤
መልካም ነው፤ እኔም ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ ትከሻዬ ይመስክር።
ማንተጋፍቶት ገመዱን ወጠረ፣ ችካሉን መታ፤
አየሁት። እሜቴ በሁለት ክንድ ውጭ ቀረች።
«ትንሽ ገፋ አድርገው» አልሁት።
«ለምን?»
ለሸረሪት ልበለው? ሠፈሩ እስከ ፋሲካ ይስቅብኛል።
«ለዛፉ ሥር» አልሁ።
«ዛፉማ ወዲያ ነው» አለኝ፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

ሌሊት ተነሣሁ። ባትሪ አላበራሁም።
ችካሉን ነቀልሁ፤ ወደ ደምለው ባሕር ዛፍ ገፋሁት፤
የድሮውን ቀዳዳ በቅጠል ደፈንሁት።
ስመለስ ደጃፏ ላይ ነበረች፣
ሁለት የፊት እግሯን ወደ ላይ አንሥታ።
ምስጋና ነው እንዳልል የሻረግ ነግራኛለች፦
እግሯን ስታነሣ ለጠብ ነው።

አባ፣ ወሰን የገፋ ርጉም መሆኑን አውቃለሁ፤
ይህን ደጅ ስጠብቅ ስንቴ ሲነበብ ሰምቻለሁ።
ስግደት ካሉኝ እሰግዳለሁ፤
ለደምለው ንገር ካሉኝ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፤
የሁለት ክንዱን ዋጋም ከደመወዜ እከፍለዋለሁ።
ካቡን መልስ ብቻ አይበሉኝ።

አሁን ደረት ደርሷል።
አንድ ነገር ደግሞ ደብቄዎ ነበር፦
ማንተጋፍቶትን ሲሚንቶ አትጨምር ብዬዋለሁ፤
ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ይረፍ፣ መሐሉ ክፍት ይሁን አልሁት።
ክረምት ሲገባ አንዱ ከወዲያ ማዶ መንገድ ይጀምራል፣
የት እንዳለች ማንም ሳይነግረው።
ይህም ኃጢአት ከሆነ፣
ከዚያኛው ጋር ይደምሩልኝ።